የት ትወርጃለሽ?

ኬታኪ ጋዙን ለኮሰች፣ ወተቱን ጣደች፣ በውሃ የራሰውን ጠፍጣፋ ሩዝ በወንፊት አጠለለች። የሰናፍጩ ፍሬ ዘይቱ ውስጥ እየፈነዳ ሳለ ሽንኩርቱን ከተፈች። ሁለት የምሳ ዕቃ ሞላች፤ አንዱን ለባሏ፣ አንዱን ለራሷ። ከዚያ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኩሽናው መሳቢያ ሄደና በሽንኩርት ቢላዋውና በጣሳ መክፈቻው መካከል ሌላ ነገር ፈለገ። ትዝ ሲላት መሳቢያውን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። የሰም ቢላዋው እዚህ የለም። ከተማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበሯ አጠገብ ተቀምጧል።

በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማታ ከቦርሳዋ ወደ ኩሽና መሳቢያ፣ ጠዋት ከመሳቢያው ወደ ቦርሳዋ ሲመላለስ ኖሯል፤ ለማንም አታውሰውም ነበር። ከሙምባይ ወደ ቫሳይ ሲዛወሩ ግን ሆን ብላ እዚያው ተወችው። ዣንጥላውን ረስቶ የወጣ ሰው ለመመለስ ምክንያት አያጣም።

"ነይ እስቲ ስሚ" አለ አሜያ ከሰገነቱ። ባሏ ሻይውን ይዞ የፎጣ ማስጫው ሥር ቆሟል።

"ምኑን?"

"ምንም የለም እኮ! እሱን ነው ስሚ የምልሽ። መኪና የለ፣ ጥሩምባ የለ።"

"እኔ ከመጣን ጀምሮ ስሰማው ነው" አሉ እናቱ ወይዘሮ ማላቲ። መሬት ላይ ተቀምጠው የሻንጣቸውን ዚፕ ይታገላሉ። "ጆሮዬን ደፈነው። ትናንት በሩን ከፍቼ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። አንድ ሰው አላለፈም። አንዷ ከፊት ለፊት ብቅ አለችና 'እማማ፣ በርዎ ተከፍቶ ቀርቷል' አለችኝ። ሌባ የገባብኝ መስሏት!"

"ባሕሩን ይዩ እንግዲህ፣ እማዬ" አለች ኬታኪ እየሳቀች።

"ባሕር ዳር ነን ትሉኛላችሁ፤ እኔ የማየው የመስኮት ፍርግርግ ነው።"

ወይዘሮ ማላቲ ነገ ፑኔ ወዳለው ታናሽ ልጃቸው ይሄዳሉ። የዚያኛው ሚስት ልትወልድ ደርሳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ እናትም የላትም። አይሂዱ የሚል አፍ የለም። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ፣ ኢራ፣ ቀን ቀን ከማን ጋር ትውላለች? በሰፈሩ ያለው የሕፃናት ማዋያ የሚከፍተው ኬታኪ ባቡር ላይ ከወጣች በኋላ፣ የሚዘጋው እሷ ከመመለሷ በፊት ነው። በአካባቢው ያሉትን የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ ዞራ ሥራ ጠይቃለች። ሁሉም ጥርስ የሚያሠሩት ከተማ ልከው ነው። አንደኛው እንዲያውም የሚልከው እሷ ትሠራበት ወደነበረው ቤት ሆኖ ተገኘ።

የሥራ ቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው ሶራብ፣ ቦታዋን እስካሁን ይዘውላታል። ዛሬ አርብ ነው። ሰኞ ትመለስ ወይም ትቅር፣ ዛሬ እንድትነግራቸው ጠርተዋታል።

ከመውጣቷ በፊት አልጋው ላይ አጎነበሰችና ጆሮዋን ወደ ኢራ አፍ አስጠጋች። ይህም ልማድ ነው። ከተማ ሳሉ ሌሊት ሌሊት የልጅቷ ደረት እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ይጮህ ነበር። አሜያ የመተንፈሻ ማሽኑን ይሰካል፣ ኬታኪ ጭንብሉን በልጅቷ አፍንጫ ላይ ይዛ ትቀመጣለች፣ ማሽኑ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ ከአቧራው አርቋት፣ ቢቻል የባሕር አየር ስጧት አለ። አማካሪ አልቸገራቸውም፤ ሁሉም አንድ ነገር ነበር የሚለው። የአሜያ አባት የተከራዩትን፣ አሜያ የተወለደበትን ባለ አንድ ክፍል ቤት ለባለቤቱ አስረክበው፣ ስለለቀቁለት በከፈላቸው ገንዘብ ላይ ብድር ጨምረው ቫሳይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ።

ኢራ አፏን ዘግታ፣ በአፍንጫዋ፣ ያለ ምንም ድምፅ ትተነፍሳለች። ማሽኑ ከመጡ ጀምሮ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አልወረደም። ካርቶኑ ላይ አቧራ እንኳ የለም፤ እዚህ አቧራ የለም።

የኬታኪን እጅ ያሰረው ይሄ ነው። መጥፎ ነገር ቢሆን ኖሮ ትጮህበት ነበር።

ባቡር ጣቢያው የሴቶች ፉርጎ የሚቆምበት ቦታ ላይ አሜያ ተለያት። እሱ በሦስት ሳምንት ውስጥ የካርታ ጓደኞች አፍርቷል፤ ቦታ ይዘውለት ይመጣሉ፤ በስሙ እንኳ አይጠሩትም፣ "አዲሱ" ይሉታል። ባቡሩ ሲደርስ ከወንዶቹ ፉርጎ አራት እጅ ተዘርግቶ ሳበው። ኬታኪ የእግሯን ጫፍ በር ላይ አሳረፈች፤ በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ግን ግንብ ነበሩ። አንዷ በክርኗ፣ በትህትና በሚመስል ግፊት፣ መልሳ አወረደቻት።

"የሚቀጥለው ባዶ ነው!" ብሎ ጮኸ አሜያ፣ ባቡሩ እየሄደ።

የሚቀጥለው ባዶ አልነበረም። በእሱም ቀረች። የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ።

"አዲስ ነሽ?" አለች በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ጎኗ ላይ የፎሶልያ ከረጢት ይዛለች። ተቃራኒውን ሐዲድ እያየች ነው የቆመችው።

"ሦስት ሳምንት ሆነን።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትገፊ ነበር?"

"አይ፣ ዛሬ ነው መጀመሪያዬ። ባለቤቴ ነው የሚመላለሰው።"

"ታዲያ አልነገረሽም?" ሴትዮዋ ሳቀች። "ወንድ! ለራሱ ቦታ ካገኘ ዓለም ሁሉ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ስሚ፣ ከዚህ ወደ ከተማ የሚሄደው ከመነሻው ከቪራር ሞልቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቪራር ትሄጃለሽ። ወደ ኋላ። እዚያ ባቡሩ ባዶውን ሆኖ ሲዞር ትቀመጫለሽ። ወደ ፊት ለመሄድ ወደ ኋላ ነው የሚኬደው።"

"ጊዜውስ?"

"ጊዜው ይባክናል። ቆመሽ ከምትሞቺ ተቀምጠሽ ማርጀት አይሻልም?"

ሱሃሲኒ ትባላለች። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሳለች፤ ሁለት ልጆች በዚሁ ባቡር ላይ ሹራብ እየሠራች አሳድጋለች። ወደ ቪራር የሚሄደው ሲመጣ የኬታኪን እጅ ይዛ አሳፈረቻት፣ ባቡሩም ሲዞር የመስኮት ቦታ ሰጠቻት። ፎሶልያዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጫፍ ጫፉን መቀንጠስ ጀመረች። ከቫሳይ በኋላ ፉርጎው ሞላ፤ የቆሙት ሴቶች ጎንበስ እያሉ የተቀመጡትን መጠየቅ ያዙ።

"የት ትወርጃለሽ?"

"አንዴሪ።"

"ቦታሽ ለእኔ ነው።"

"ከእኔ በኋላ ነሽ፣ እኔ ቀድሜ ይዣለሁ።"

ኬታኪ ይህን ታውቀዋለች፤ የሙምባይ ልጅ ናት። ሥራ ቤቷ ግን ከቤቷ በእግር የሚደረስ ነበርና ተጠይቃ የምታውቀው አልፎ አልፎ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ነው።

"እዚህ ፉርጎ ላይ አንድ ሕግ ነው ያለው" አለች ሱሃሲኒ ቀና ሳትል። "ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ። የቆመችው በአንቺ ቃል ነው የምትቆመው፤ ሌላ ቦታ አትፈልግም፣ ሌላ ሰው አትጠይቅም። አንዷ ነበረች፣ ቦሪቫሊ እወርዳለሁ ትልና እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ቸርችጌት ድረስ ትሄዳለች።"

"ምን አደረጋችኋት?"

"ምንም። ቁጭ ብላ ሄደች። የሁላችንም ልደት እዚሁ ፉርጎ ላይ ይከበራል፤ የሷን ግን ማንም አላከበረላትም።"

ሶራብ እንደ ወትሮው ነጭ ሸሚዝና በትከሻቸው ላይ የሚያልፍ የሱሪ ማንጠልጠያ አድርገው በሩ ላይ ተቀበሏት። ቤቱ የሰምና የእርጥብ ጂፕሰም ይሸታል። ኬታኪ ሳታስበው በረጅሙ ሳበችው።

በግድግዳው በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ትሠራለች። ፋርሂን ናት፣ በኬታኪ ምትክ ለጊዜው የመጣችው። በዕድሜ ከኬታኪ ትበልጣለች፤ ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት ሠርታለች። በእጇ የሽማግሌ ድድ የሚመስል ሮዝ ሰም ይዛ በመብራቱ ታገላብጠዋለች። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው። መደገፊያው ላይ የኬታኪ ሽርጥ እንደተወችው ተንጠልጥሏል።

"ለምን ቆመሽ?" አለች ኬታኪ።

"ወንበሩ ያንቺ ነው አሉኝ።" ፋርሂን በንቀትም በቅሬታም አልተናገረችውም። "መሳቢያሽንም አልከፈትኩም።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ?"

"ተለማመድኩት። እግሬ ማታ ያብጣል፣ ውሃ ውስጥ አደርገዋለሁ።"

ሶራብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኔ አላጣደፍኩሽም። አጣድፌሻለሁ?"

"አላጣደፉኝም፣ ጋሽ ሶራብ።"

"መጀመሪያ በሳምንቱ አልሽኝ። ቀጥሎ ሰኞ አልሽ። ያ ሰኞ አለፈ። እቺን ልጅ ኩርላ ያለ ሌላ ሥራ ቤት ጠርቷታል፤ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ካልሰጠች ሌላ ይወስዳሉ። እኔ ሁለት ሰው መክፈል አልችልም። አንቺ ከመጣሽ እሷ ትሂድ። ካልመጣሽ ትቅር። እሷም ሰው ናት፣ ልጆች አሏት።"

"ግማሽ ቀን ቢሆንስ? ከቀትር በኋላ ብቻ ብመጣ?"

"የአፍ ቅርጹ ከሐኪሞቹ የሚመጣው ጠዋት ነው። ሰሙ ማታ ማለቅ አለበት። ይሄን እኔ ላስተምርሽ?"

"እሺ፣ ወደ ቤት ብወስደውስ?"

ሶራብ የሰሙን ድድ ከፋርሂን እጅ ተቀብለው በጥፍራቸው ጫፍ ጠርዙን ነኩ። "በባቡር? በዚያ ሙቀት? ቫሳይ ስትደርሺ ጥርሱ ሁሉ በአንድ በኩል ይስቃል።"

ፋርሂን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ኬታኪም ሳቀች።

"ማታ እደውልልዎታለሁ" አለች።

መሳቢያዋን ከፈተች። ቢላዋው እንደነበረ ነው፤ እጀታው ላይ የአውራ ጣቷ ጉድጓድ አለ። አንስታ ጨበጠችው። ሶራብ አዩዋት።

"ልትወስጂው ነው?"

ኬታኪ መልሳ አስቀመጠችው። "አይ። እዚሁ ይሁን።"

ከሥራ ቤቱ ወጥታ፣ እግሯ ራሱ መንገዱን ያውቃልና፣ ጊርጋኦን ወዳለው፣ ይኖሩበት ወደነበረው አሮጌ ፎቅ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ረጅሙ የጋራ በረንዳ እንደወትሮው በልብስና በሰው ተሞልቷል፤ በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። የእነሱ በር ብቻ ተዘግቶ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ዓይኗን ሳታሳርፍበት አለፈችው።

እትዬ ኩሱም በራቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ባላቸውን ቀደም ብለው የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ግን የበረንዳውን ልጆች ሁሉ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ኢራ ከተወለደች ጀምሮ ኬታኪ ሥራ ስትውል የምትውለው ከአያቷና ከእሳቸው ጋር ነበር። ኬታኪን ሲያዩ በሙሉ ጥርሳቸው ሳቁ። ጥርሱን የሠራችላቸው እሷ ናት፣ ከመሄዷ በፊት፣ ለስንብት።

"እንዴት ነው፣ አልቆረቆረዎትም?"

"ጥርስሽማ ሸጋ ነው፤ የምነክሰው ሰው ነው የጠፋው። አማትሽ ነበሩ ጥሩ ማላመጫዬ፣ እሳቸውንም ወሰዳችሁብኝ። ቁጭ በይ። ከስተሻል። እዚያ ምግብ የለም እንዴ?"

"ዓሣ ሞልቷል።"

"የት አለች የኔ ወፍ?"

"አያቷ ጋ። እማዬ ነገ ፑኔ ይሄዳሉ።"

እትዬ ኩሱም የሩዙን ትሪ ወደ ጎን አደረጉ። ሌላ ሳይነገራቸው ገባቸው። "ታዲያ ምን ትጨነቂያለሽ? እኔ አልሞትኩ! ጠዋት በባቡር ይዘሻት ነይ፣ እዚህ ጣያት፣ ማታ ይዘሻት ትሄጃለሽ። እንደ ድሮው። ድንጋይ የሚያላምጥ ጥርስ ሰጥተሽኛል፣ ልጅ መጠበቅ ያቅተኛል?"

ከመጣች ጀምሮ ይህን እንዲሏት እየጠበቀች እንደነበረ ያወቀችው አሁን ነው። ለዚህ ነው እግሯ ወደዚህ ያመጣት። ኢራን በክንዷ ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ሽርጧን ስታጠልቅ ታያት። ሰኞ። ሊሆን ይችላል።

"እሺ" ልትል አፏን ከፈተች።

ከማዶ አንድ ነገር ተንኮታኮተ። በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶች እንደ አንድ ሰው የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አነሱ፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ከፊት ለፊት ያለውን አሮጌ ፎቅ እያፈረሱት ነው። አቧራው በመንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ተሻገረና በረንዳው ውስጥ ገባ።

"መቼ ጀመሩ?"

"እናንተ በወጣችሁ ሳምንት። ከሱ በኋላ ደግሞ የኛ ተራ ነው ይላሉ፤ ሲሉ ነው የምንኖረው።" እትዬ ኩሱም የሩዙን ትሪ በፎጣ ሸፈኑ። "በሩን እዘጋላታለሁ።"

በዚህ በረንዳ ላይ ቀን በር የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ኬታኪ ጣቷን በብረቱ መደገፊያ ላይ አሳለፈች። ጣቷ አመድ መሰለ።

"አስብበታለሁ፣ እትዬ" አለች። "ማታ እደውላለሁ።"

ለሁለተኛ ሰው ማታ እደውላለሁ ማለቷ ነው።

ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ሰፈሯ ያለው ቻርኒ ሮድ ጣቢያ ስትደርስ እንደ ጠዋቱ አልቆመችም። ተምራለች። ወደ ቫሳይ የሚሄደውን ትታ ወደ ኋላ፣ ወደ ቸርችጌት፣ በሚሄደው ተሳፈረች፤ ባቡሮቹ ሁሉ የሚነሡት ከዚያ ነው። ቸርችጌት ላይ በየጣቢያው የማይቆመው የቪራር ፈጣን ባቡር ባዶ ሆኖ ሲገባ፣ ገና ሳይቆም፣ እንደ ሌሎቹ ዘላ ገባችና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ትንሽ ኩራት ተሰማት። የሚያይላት ሰው ግን አልነበረም።

ፉርጎው ሞላ። ጭንቅላቷን በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አስደግፋ ለራሷ ታሰላ ነበር። ለኢራ ሻርፕ አፏ ላይ ብታስርላትስ? እትዬ ኩሱም መስኮቱን ቢዘጉስ? ማሽኑን ይዛ ብትመጣስ፣ እዚያው ብታስቀምጠውስ? ፎቁ እስኪፈርስ ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ ኢራ ለትምህርት ቤት ትደርሳለች። ያኔ የሆነ ነገር ይመጣል።

"የት ትወርጃለሽ?" አለ አንድ ድምፅ ከበላይዋ።

"ቻርኒ ሮድ" አለች ኬታኪ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች በአንድነት ሳቁ።

"ቻርኒ ሮድ! በቪራር ፈጣን!"

"የኔ እናት፣ ይሄ እዚያ አይቆምም እኮ። ትዘልያለሽ?"

"ባቡር ተሳስታለች፣ ምስኪን። በሩን ልቀቁላት!"

"የምን በር? ተነሥቷል፣ ሄዷል!"

ኬታኪ ቀና አለች። ከበላይዋ የቆመችው ሱሃሲኒ ነበረች፤ መነጽሯ በክሩ ላይ ይወዛወዛል፤ ከረጢቷ ባዶ ሆኗል፤ ከሥራ አርፍዳ ነው የደረሰችው።

"አንቺ ነሽ እንዴ? የጠዋቷ! ቫሳይ አይደል ቤትሽ?"

"ቫሳይ ነው።" ኬታኪ ፊቷ ጋለ። "ሳላስበው ነው። ድሮ የምወርደው እዚያ ስለነበር…"

"ሳላስበው ብሎ ነገር የለም!" አለች ሱሃሲኒ ጣቷን እያወዛወዘች፤ ዓይኗ ይስቃል። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ምስክር አለኝ። ቻርኒ ሮድ ላይ ቦታሽ የኔ ነው።"

"እኛ ሰምተናል!" አሉ ሴቶቹ።

ባቡሩ ፍጥነት ጨመረ። ማሪን ላይንስ ጣቢያን አለፈ። ከዚያ ቻርኒ ሮድ መጣ፤ አግዳሚዎቹ፣ የጣቢያው ሰሌዳ፣ ደረጃው ሥር ሎሚ የሚሸጠው ሰው፣ ሁሉም በመስኮቱ በኩል ተከታትለው ሄዱ። ባቡሩ እንኳን ሊቆም ፍጥነቱንም አልቀነሰም።

ኬታኪ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች።

"ምን ሆንሽ? ተቀመጪ!" ሱሃሲኒ ትከሻዋን ያዘቻት። "ስቀልድ ነው እኮ። የቫሳይ ሰው ቆሞ አይሄድም፣ እግርሽ ይሰበራል።"

"ተናግሬያለሁ።"

"ኧረ ባክሽ!"

"እርስዎ የቆሙት በኔ ቃል ነው" አለች ኬታኪ። "ይቀመጡ።"

ሱሃሲኒ አየቻት። ሳቋን ተወች። ተቀመጠች፤ የኬታኪን ቦርሳ ተቀብላም ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

ዳዳር ላይ ሰው ገባ። አንዴሪ ላይ ከዚያ የበለጠ ገባ። ኬታኪ ክንዷን ማውረድም ማንሣትም የማትችልበት ደረጃ ደረሰች፤ ሲገፏት ሄደች፣ ሲመልሷት ተመለሰች። የማታውቃት ሴት ጸጉር አፏ ውስጥ ገባ። ወደ ታች ለማየት ሞከረች። ከወገብ በታች ምንም አይታይም፤ ጨለማ፣ ጨርቅ፣ የቦርሳ ማዕዘን፣ ጉልበት። ኢራ ብትቆም ቁመቷ እዚያ ነው። ብታቅፋት ደግሞ ይህ ሁሉ ደረት በልጅቷ ደረት ላይ ይሆናል፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ በመካከሉ ያ አቧራ። አየር ለመሳብ አንገቷን ወደ ላይ አቀናች። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል፤ ነፋሱ ግን የትም አይደርስም።

የኢራን ነገር ከጠዋት ጀምሮ ታውቀው ነበር። አሁን እየመጣባት ያለው ፋርሂን ናት፤ ማታ ማታ እግሯን ውሃ ውስጥ የምትነክረው። ባዶ ወንበር አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሦስት ሳምንት፣ ቆማ። ሶራብ ሲጠይቋት ኬታኪ "በሳምንቱ" ብላለች። "ሰኞ" ብላለች። "ማታ" ብላለች። የት እንደምትወርድ አልተናገረችም።

ቫሳይ ላይ ሴቶቹ ገፍተው አወረዷት። ሱሃሲኒ ቦርሳዋን በሰው አናት አሳልፋ አቀበለቻትና ራሷም ከኋላዋ ወረደች።

"ሰኞ ከዚሁ ቦታ ጠብቂኝ" አለች። "ወደ ኋላ አብረን እንሄዳለን።"

"ሰኞ አልመጣም።"

"ማክሰኞስ?"

ኬታኪ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሱሃሲኒ ለምን አላለችም። የኬታኪን የተበጠሰ ጫማ አየች፣ ከመነጽሯ ክር ላይ መርፌ ቁልፍ ፈታ ሰጠቻት፣ ሄደች።

መሳፈሪያው ባዶ እስኪሆን ጠብቃ ስልኳን አወጣች።

"ታዲያስ?" አሉ ሶራብ።

"ጋሽ ሶራብ፣ ፋርሂን ትቀመጥ።"

"ምን አልሽ? ጫጫታ ነው።"

"ወንበሩ ላይ ትቀመጥ። ለኩርላ ሰዎች አልመጣም ብላ ትንገራቸው።"

በስልኩ ውስጥ የማለስለሻው ሞተር ሲዞር ይሰማል፤ የሆነ ሰው አጠፋው።

"ቢላዋሽስ?" አሉ ሽማግሌው። "መጥተሽ ትወስጂዋለሽ ወይስ ሰው ልላክልሽ?"

"እሷ ትያዘው። ስለቱ ጥሩ ነው፤ እጀታው ግን ትንሽ ላልቷል፣ ክር ይጠምጠምበት በሏት።"

"አንቺ ማንንም አታስነኪም ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"አሁን የት ነሽ ልጄ?"

"ቫሳይ። ወርጃለሁ።"

ለእትዬ ኩሱምም ደወለች። ያኛው ስልክ አጭር ነበር፤ እትዬ ኩሱም ጥርሳቸውን አውልቀው ነበርና የሚሉት በደንብ አልተሰማትም። "እሺ የኔ ልጅ" ያሉ መሰላት።

አሜያ ማታ ሲመጣ ነገረችው። የሚጎርሰውን ይዞ ቆየ። "እኔ እኮ ተዪው አላልኩሽም" አለ።

"አላልክም።"

"ኢራ ትንሽ ከፍ ስትል…"

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለች ኬታኪ።

ወይዘሮ ማላቲ ከሻንጣቸው ቀና ብለው ምራታቸውን አዩዋት። ተነሥተው የራሳቸውን ሳህን ራሳቸው አጠቡ።

ሰኞ ጠዋት ኬታኪ ጋዙን ለኮሰች፣ ወተቱን ጣደች፣ ሩዙን አርሳ አጠለለች። አንድ የምሳ ዕቃ ሞላች። አሜያ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሻይውን ጠጣ፤ ስሚ አላላትም። ሲወጣ በሩን ሊስበው ነበር፤ ተወው ብላ ክፍቱን አስቀረችው። ኢራ አልጋው ላይ አፏን ዘግታ ተኝታለች። ድምፅ የለም። ኬታኪ እጇን አደራርቃ መሳቢያውን ሳበች። የሽንኩርት ቢላዋው አለ። የጣሳ መክፈቻው አለ። የሰም ቢላዋው የለም።